ሲሊንደር ማስፋት፦ የቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክልን ከመፍታት እስከ ማለማመድ

ከባሕር ዳር ወይም በፎገራ ሜዳ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለስ ሞተረኛ በጋን በአቧራው ያውቀዋል። ያ አቧራ በላላ ወይም በተቀደደ አየር ማጣሪያ በኩል ሲገባ የሚጨርሰው ሲሊንደርን ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ መካኒኮቹ ቱ ስትሮክ የሚሏቸው፣ እንደ አራት ምት ሞተር በካም የሚከፈት ቫልቭ የላቸውም። ለመፍታት ቀላል ናቸው። ሲሊንደራቸው ሲበላ ደግሞ መፍትሔ አላቸው፤ በጥቂቱ አስፍቶ በልኩ ትልቅ ፒስተን መግጠም።

መጀመሪያ አንድ ወሬ እናጥራ። «ሲሊንደሩን አሰፋሁት፣ ሲሲ ጨመረ፣ አሁን ይበራል» የሚሉ ልጆች አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። አየር የሚያቀዘቅዘው ዲቲ 125 የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ የሚጓዘው 50 ሚሊሜትር ነው። ይህ 123 ሲሲ ይሰጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ብናሰፋው 125.4 ሲሲ ገደማ ይሆናል። ሙሉ አንድ ሚሊሜትር ብናሰፋው እንኳ ጭማሪው 4.5 ሲሲ አይሞላም። የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ይህን አትለዩትም። ሞተሩ ከሥራው በኋላ የሚጠነክረው የተበላው ሲሊንደር እንደገና ክብ ስለሆነና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዙሪያውን ስለሚነካ ነው። ስለዚህ ዓላማችን ክብነትና ትክክለኛ ክፍተት ነው። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያሉት ውሳኔዎች ሁሉ ይቀልላሉ፤ ለምሳሌ ትልቁን ፒስተን ሳይሆን የሚበቃውን ትንሹን መምረጥ።

ከመፍታት በፊት

ጭስ አይታችሁ አትፍረዱ። በአራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጭስ የፋሻ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቱ ስትሮክ ግን ዘይት የሚያቃጥለው በተፈጥሮው ነው። የሚያሳብቀው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለመነሳት ይለግማል፣ ኪኩ በእጅ እንኳ ይወርዳል፣ ስራ ፈት ላይ ፒስተኑ ግድግዳውን ሲመታ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሞተሩ ሲሞቅም ይዝላል።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ከተገኘ በካንዴላው ቦታ ግጠሙት፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ኪኩን ርገጡ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ መለኪያው ቆላ ላይ ከሚያሳየው አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ጤነኛ ሞተር «ደክሟል» ተብሎ የሚፈታው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ ነክሶ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ ከሆነ ደግሞ ከማስፋት በፊት ለምን እንደነከሰ ፈልጉ። የካርቡራተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፓራሊዮ፣ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ጎማ፣ አርጅቶ አየር ያስገባ ይሆናል፣ ጂግለሩ (የካርቡራተሩ የቤንዚን ቀዳዳ) ተደፍኖ ወይም የዘይት ፓምፑ ሥራ አቁሞ ይሆናል። ምክንያቱን ሳያገኙ አዲስ ፒስተን መግጠም ያንኑ ብር ሁለቴ መክፈል ነው።

አሁን ማግኔት ያዙ። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሳ ማግኔቱን የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አስጠጉ። ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ግድግዳው የብረት ላይነር (የውስጥ ሽፋን) ነው፣ ይሰፋል። ካልያዘ ወይም ለስሙ ያህል ብቻ ከተሳበ አሉሚኒየም ላይ በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ የተለበጠ ነው። አዳዲሶቹ የውድድር ቱ ስትሮኮች እንዲህ ናቸው። እነሱ በተለመደው መሣሪያ አይሰፉም፤ ልባጡ ይላጥና ሲሊንደሩ ይበላሻል። እንደዚያ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ እዚህ ላይ ያበቃል።

መፍታት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ እጠቡት፣ በተለይ የሲሊንደሩን ክንፎችና ሥሩን። እዚያ የተጋገረው ጭቃ ሲሊንደሩ ሲነሳ ቀጥታ ወደ ክራንኩ ነው የሚወርደው። ታንኩን፣ ማርሚታውን (የጭስ ቱቦውን)፣ ካርቡራተሩን አውርዱ። የዘይት ቱቦውን ስትነቅሉ ጫፉን ድፈኑት።

የቴስታታውን ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አትፍቱ። በተቃራኒ በተቃራኒ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያላላችሁ ሂዱ። ሲሊንደሩ አልነሳ ካለ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን ቆርቆር አድርጉት፤ ካቻቢቴ መሃል አስገብቶ ማንሳት ክንፍ ይሰብራል፣ ፊቱንም ይቧጭራል። ሲነሳ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አታዙሩት። ካዞራችሁት የፋሻው ጫፍ በግድግዳው ላይ ካሉት የጋዝ ማለፊያ ቀዳዳዎች፣ መስኮቶች ከምንላቸው፣ አንዱ ውስጥ ይሰካል። ፒስተኑ ብቅ እንዳለ ንጹሕ ጨርቅ በቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ በሚያገናኘው ክንድ) ዙሪያ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን መያዣ ቀለበቶች አውጡ። ቀለበቶቹን ጣሏቸው፤ አሮጌ መልሶ መግጠም የለም።

ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ግን ቀጭ ካለ የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል፣ ክራንኩ መከፈት አለበት። ይህን ትቶ ሲሊንደር ብቻ ማስፋት ጥቅም የለውም።

ምን ያህል ተበልቷል?

ጥሩ መካኒክ የውስጥ መለኪያ ሰዓት ይዞ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካዋል። በየከፍታው ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ። መስኮቶቹ ጫፍ ላይ አይለካም። ከላይና ከታች ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ከደረሰ ማስፋት ያስፈልጋል። ትክክለኛውን ገደብ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል።

መለኪያ ሰዓቱ ከሌለስ? በአንድ ፋሻና ፊለር ጌጅ በሚባሉት ስስ ቅጠሎች ቤት ውስጥም ማወቅ ይቻላል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ። በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጋችሁ ደልድሉት፣ ከታች ፒስተኑ ብዙ ከማይደርስበት ቦታ አድርሱትና የጫፎቹን ክፍተት ለኩ። ከዚያ ወደ ላይ መልሱት፤ ከአናቱ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ መበላቱ ከሚበረታበት አካባቢ እንደገና ለኩ። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 አካፍሉ። ከታች 0.30፣ ከላይ 0.61 ካገኛችሁ ልዩነቱ 0.31 ነው። ሲካፈል 0.10 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ያ ሲሊንደር ከታቹ ይልቅ ከላይ በ0.10 ሚሊሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሞላላነትን አይናገርም፤ ወደ ሬቲፊካ ቤት (ሲሊንደር ወደሚያሰፋው) ልሂድ ወይስ ፋሻ ብቻ ልቀይር ለሚል ጥያቄ ግን ይበቃል።

ፒስተን ግዙ፣ ከዚያ አስፉ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ አይገለበጥም። «መጀመሪያ ይሰፋ፣ ፒስተን እናገኛለን» የሚል ሰው ሲሊንደሩን ያለ ፒስተን ይዞት ይቀራል።

ትላልቆቹ ፒስተኖች የሚመጡት በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር ጭማሪ ነው። ቁጥሩ አናታቸው ላይ ተመትቷል፤ ብዙ ጊዜ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ተብሎ። 0.25 ለጥቂት ጭረት ጥሩ ነው። የነከሰ ሲሊንደር ግን ብዙውን ጊዜ በ0.25 አይጠራም፣ 0.50 ይፈልጋል። ዘሎ 1.00 መግጠም የላይነሩን ዕድሜ በከንቱ መብላት ነው። ነገ ቢነክስ መሄጃ የለውም።

ሱቁ ውስጥ አሮጌውን ፒስተን ይዛችሁ አስተያዩ። የፒኑ ቀዳዳ ስፋት፣ ከፒኑ እስከ አናቱ ያለው ከፍታ፣ የቀሚሱ መስኮቶች፣ የፋሻ ማቆሚያ ፒኖቹ ቦታ አንድ መሆን አለበት። በተለይ ማቆሚያ ፒኖቹ። በቱ ስትሮክ ፋሻው እንዳይዞር የሚያስሩት እነሱ ናቸው። ቦታቸው ከተለየ የፋሻው ጫፍ መስኮት ላይ ያርፍና ይሰበራል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ብቻ አትመኑ፤ ያው ካርቶን ሁሉም ሰው የሚያሳትመው ነው።

የማስፋት ሥራው

ሬቲፊካ ቤት ስትሄዱ ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑንና በወረቀት የተጻፈ ክፍተት ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አትንገሩ። አየር ለሚያቀዘቅዘው ቀላል ቱ ስትሮክ በቀረጻ የተሠራ ፒስተን ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ነው። በመቀጥቀጥ የተሠራ ፒስተን ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚሰፋ የበለጠ ይፈልጋል፤ ከፒስተኑ ጋር የመጣው ወረቀት የሚለው ነው ሕጉ።

ፒስተኑ የሚለካው አናቱ ላይ አይደለም። አናቱ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው። ቀሚሱ ላይ፣ ከታች ጫፍ 10 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከፒኑ ጋር በቀኝ ማዕዘን ለኩ። ማይክሮሜትሩ 56.45 ካለና 0.05 ከፈለጋችሁ ሲሊንደሩ 56.50 መውጣት አለበት። ሁለቱም ዕቃ ከመለካቱ በፊት አንድ ጥላ ሥር ይቆይ። ጠዋት ቀዝቅዞ ያደረ ሲሊንደርና ቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ ፒስተን አንድ ላይ መለካት ቁጥሩን ያዛባል።

ማሽኑ ላይ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው በሥሩ ፊት ነው። ያ ፊት ላይ የአሮጌ ጓርኒሲዮን (በሁለት ፊቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ቅሪት ካለ ጉድጓዱ ዘሞ ይቦረቦራል፣ ፒስተኑም ለዘላለም ወደ አንድ ጎን ይጫናል። ፊቱን ቀድማችሁ ራሳችሁ አጽዱት። የመቁረጫው ሥራ የመጨረሻዋን 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ለማለስለሻው ድንጋይ ይተዋል። ድንጋዩ ወደ ላይና ወደ ታች እየወጣና እየወረደ ሲዞር እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ስስ ጭረቶች ያወጣል። ዘይት የሚይዘው እነዚህ ጭረቶች ውስጥ ነው። መስታወት የሚመስል ግድግዳ ያማረ ቢመስልም ፋሻውን አያለማምድም።

መኪና ብቻ የለመደ ባለሙያ ጋር ስትሄዱ አንድ ነገር አስታውሱት። የመኪና ሲሊንደር መስኮት የለውም፣ የእናንተው አለው። አጫጭርና በላላ ምንጭ የሚይዙ ድንጋዮች መስኮት ሲያልፉ ይሰካሉ፣ ጫፉንም ያሸርፋሉ። ረጃጅም ድንጋይ ያለው መሣሪያ ጠይቁ።

ሌላው ጭቅጭቅ ጥበት ነው። «ጋሼ፣ ጠበቅ አድርገን እናውጣው፣ ሲሠራ ይላላል» የሚባል አለ። በአክብሮት እምቢ በሉ። ጠቦ የወጣ ቱ ስትሮክ አይላላም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ዙሪያውን በአራት ቦታ ይነክሳል። በመጀመሪያዋ ዳገት።

የመስኮቶቹ ጫፍ

ሬቲፊካ ቤቱ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ አይሠራውም፤ ካልጠየቃችሁት ማንም አያስታውሳችሁም። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። ፋሻው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በዚያ ጠርዝ ላይ ያልፋል፤ ትንሽ ወደ መስኮቱ ይወጣል፣ ይመለሳል። ጠርዙ ስለት ከሆነ ፋሻውን ይፍቀዋል ወይም ይሰብረዋል።

ግማሽ ክብ የሆነ ደቃቅ ሞረድ ውሰዱ። ከሲሊንደሩ ውስጥ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ብቻ ግፉ፤ መልሳችሁ ወደ ውስጥ አትጎትቱ፣ ግድግዳውን ይቧጭራል። የጭስ ማውጫውን መስኮት የላይና የታች ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስበሩት፣ ከዚያ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የማስገቢያውንና የማስተላለፊያዎቹንም እንዲሁ። ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ቆዳ የሚይዝ ቦታ ካለ ገና ነው። ሞረዱ የጠርዙን ስለት ብቻ ይንካ፤ መስኮቱን ወደ ላይ ከፍ ካደረጋችሁት የሞተሩ ባሕርይ ይቀየራል፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።

እጥበቱ

በቤንዚን ብቻ አትጠቡ። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳል፣ የድንጋዩን ዱቄት ግን ጭረቶቹ ውስጥ ይተወዋል። ሙቅ ውኃና የልብስ ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ደጋግሞ መፈተግ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ ግድግዳውን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ታጥቡታላችሁ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ከመጨረሻው ውኃ በኋላ ወዲያው አድርቁና ዘይት ቀቡ፤ የተራቆተ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ይጀምራል።

መግጠም

እያንዳንዱን አዲስ ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከታች 20 ሚሊሜትር ያህል አስገብታችሁ የጫፉን ክፍተት ለኩ። ለዚህ ስፋት 0.20 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ከጠበበ ጫፉን በደቃቅ ሞረድ ጥቂት ጥቂት ሞርዱ።

የቢየላው ላይኛ ኩሽኔታ አዲስ ይሁን። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ ማውጫው ይዙር። የፒን መያዣ ቀለበቶቹ ክፍት ጫፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ጎን አይሁን። የፋሻዎቹ ጫፎች ማቆሚያ ፒኖቻቸው ላይ መቀመጣቸውን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በጣት ጨምቃችሁ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከያዘ አትምቱት። አንሱት፣ ፋሻውን እዩ።

የቴስታታውን ዳዶ ካጠበቃችሁ በኋላ አንድ ፈተና አለ። የስታኞ (የመበየጃ እርሳስ) ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ ጫፉ ሲሊንደሩ ግድግዳ አጠገብ እንዲደርስ አድርጉ። ሞተሩን በእጅ አንድ ጊዜ አዙሩት። የተጨፈለቀው ሽቦ ውፍረት በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ1 ሚሊሜትር ካነሰ ወፈር ያለ የሥር ጓርኒሲዮን ፈልጉ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጉድጓድም ከአዲሱ ስፋት እንዳያንስ እዩ፤ ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝ ይቃጠላል። ከዚያ በተቃራኒ በተቃራኒ፣ በመመሪያው ኃይል ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቁ።

የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ላይ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጡ። አዲስ ሲሊንደር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያለ ዘይት ከሮጠ ለዚህ ሁሉ ልፋት ደህና ሁን ነው።

ማስነሳትና ማለማመድ

ለመጀመሪያው ታንክ ፓምፕ የሌለው ሞተር ለ5 ሊትር ቤንዚን 165 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ይግባበት። ፓምፕ ያለው ፓምፑ እየሠራ ለየ1 ሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ ለማለማመጃው ይበቃል። የመኪና ዘይት አይሆንም፣ የተቃጠለውማ ጨርሶ።

አስነሱት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲሞቅ ተዉት፣ አጥፉት። ክንፎቹን በእጅ መንካት እስኪቻል ሳይሆን ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሦስት ጊዜ ያህል ይደጋገም፣ የኋለኞቹ ትንሽ ይርዘሙ። ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደገና ፈትሹ።

መንገድ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎሜትር ከግማሽ ጋዝ ብዙም አትለፉ። ዋናው ነገር ግን አንድ ፍጥነት ላይ አለመቆየት ነው። ወደ መራዊ ያለው አስፓልት ለዚህ ደህና ነው፤ ጋዙን ከፈት፣ መለስ፣ ማርሽ መለዋወጥ። አቧራማውን የገጠር መንገድ ለኋላ ተዉት። ሰው ጭኖ ዳገት መውጣትም አሁን አይደለም።

100 ኪሎሜትር ላይ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ አትንዱት፣ የአየር ፍሳሽ ፈልጉ ወይም ጂግለሩን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጂግለሩ በዝቷል። እዚህ ከፍታ ላይ ይህኛው የተለመደ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ። ለባሕር ዳር ተብሎ ጂግለሩ የተቀነሰለት ሞተር ግን ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይከብድበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ከመውረዳችሁ በፊት የቀድሞውን ጂግለር መልሱ።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶና ተጨምቆ ይግባ። ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ግሪስ ቀቡት። በመጨረሻም ሲሊንደሩ ክንፍ ላይ በማይታይ በኩል የሰፋበትን ልክ በነጥብ መምቻ ምቱ፤ 50 ከሆነ 50 ብላችሁ። ቀጥሎ የሚፈታው መካኒክ የትኛውን ፒስተን እንደሚያዝ ቴስታታውን ሳያነሳ ያውቃል።